አፍ ተዘግቶ የሚዘመር ስንኝ

እትዬ ደብሪቱ እንደማትመለስ የሰማነው ከሚኒባስ ረዳት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆመና «የደብሪቱን የካውያ ጠረጴዛ ጭነህ አምጣልኝ ተብያለሁ፤ ደሴ ትፈልገዋለች» አለን። ልጇ ደሴ ላይ ወልዳ አራሷን ልትንከባከብ ከሄደች ሰንበትበት ብላለች፤ እኛ ግን ዛሬ ትመጣለች ነገ ትመጣለች እያልን ነበር። ሰው ልብሱን ትቶ ይሄዳል፤ ድስቱን ትቶ ይሄዳል። እትዬ ደብሪቱ የካውያ ጠረጴዛዋን ካስመጣች ግን ነገሩ አልቋል። ከመዘምራኑ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ረዳቱ ጠረጴዛውን ጣሪያው ላይ እያሰረ «እግሩ እንዳይጫጫር ብላ እየደጋገመች ትደውልልኛለች፤ ሙሽራ ነው እንዴ የጫንኩት?» እያለ ሲያማርር ግን ሁላችንም ሳቅን። እሷን የሚያውቅ ሰው ስለ እሷ አውርቶ ሳይስቅ አይጨርስም።

ለማያውቋት ልንገር። እትዬ ደብሪቱ ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ መዝሙር ትደርስ ነበር። «ደራሲ» ስላት ትቆጣለች፤ «እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ» ትላለች። ቁመቷ አጠር፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ስትሄድ ከኋላዋ የሚያባርራት ያለ የሚመስል ሴት ናት። ነጠላዋ ላይ አንዲት ጭምድድ መስመር አይታይም። ድምፅዋ ግን፣ ይቅር ትበለኝና፣ ድምፅ የሚባል አይደለም። ጎርነን ይልና ጫፉ ላይ ይሻክራል። ለመዘምራን ምርጫ ብትቀርብ መጀመሪያ የምትወድቀው እሷ ናት፤ እሷም ታውቀዋለች። «እግዜር ዜማውን ለኔ ሰጥቶ ጉሮሮውን ለጎረቤት ሰጠው» ብላ ትስቃለች።

በቤት ሠራተኛነት ከኖረችበት ከጅዳ ከተመለሰች በኋላ ወደ እኛ የመጣችውም ልትዘምር አልነበረም። የመዘምራኑን ልብስ አይታ አላስችል ብሏት ነው። ለበዓል ልብሱን ከሣጥን እያወጣን እንደተጨማደደ ስናድል ደረሰችና «እንዲህ ሆናችሁ ነው እግዜር ፊት የምትቆሙት?» ብላ ሁሉንም ሰብስባ ይዛው ሄደች። በማግስቱ ተተኩሶ ሲመጣ ለመልበስ ፈራን፤ ሰውነታችንን ያሳፍር ነበር። እኔ ያኔ የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ነኝ፣ በሥራዬ ደግሞ የሒሳብ መምህር። ላመሰግናት ብዬ «እርስዎ ባይደርሱልን ኖሮ…» ስል አቋረጠችኝ።

«እርስዎ? ምነው፣ እናትህን አከልኩብህ? እትዬ ካልከኝ ይበቃል፤ አንቺ በለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ናት።

በዚያው ሰሞን እኔ የደረስኩትን መዝሙር ስናጠና ጥግ ላይ ተቀምጣ ሰማች። የምኮራበት መዝሙር ነበር። ግእዝ ጣል ጣል አድርጌበታለሁ፤ ስንኙ ረዘም ያለ ነው፤ መሀሉ ላይ ድምፅ ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ አለው። ስንጨርስ እንድታደንቀኝ ወደ እሷ ዞርኩ።

«ያምራል» አለች። «ለማን ነው?»

«ለእግዚአብሔር ነዋ!»

«እሱስ ገብቶኛል። ማን እንዲዘምረው ነው?»

«መዘምራኑ።»

«እናቶቹስ?»

«እናቶችማ ያዳምጣሉ።»

ነጠላዋን አስተካከለችና ተነሣች። «ስማኝ ወንድሜ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሰው ቤት አፌን ዘግቼ ኖርኩ። አገሬ ስገባ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ከሰው ጋራ፣ አፌን ከፍቼ እዘምራለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። መጥቼ ሳይ እናቶቼ ጥዱ ሥር ቆመው እናንተን በስልክ ይቀርጻሉ። አሁንም አፌን ልዘጋልህ ነው?»

እውነቷን ነው። እኛ የታጠበ ልብስ ለብሰን ፊት ለፊት እንሰለፋለን፤ ሕዝቡ ከኋላ ቆሞ ያየናል። አንዳንዴ እልል ይሉልናል፤ ያም ቦታውን ስቶ። የእትዬ ደብሪቱ ሐሳብ ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ጥዱ ሥር የሚቆሙት እናቶች አፋቸውን እንዲከፍቱ። ይህን ካላየች ከጅዳ የተመለሰች አይመስላትም ነበር።

እዚያ የሄደችው በሌላ ስም ነው። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ክርስቲያን ሴቶች ለጉዞው ስሟን ለውጣ ከድጃ ተብላ ነበር። መጸለይዋ እንዲታወቅባት ስላልፈለገች አፏን ገጥማ በአፍንጫዋ ታዜማለች። የአሠሪዋ ልጆች «ከድጃ ንብ ዋጠች» እያሉ ይስቁባት ነበር አሉ። የቤቱ ወንዶች ነጭ ጀለቢያ ለባሾች ናቸው፤ የእሷም ሥራ አብዛኛው ካውያ ነው። መዝሙሮቿ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተወለዱ። የስንኟ ርዝመት ካውያው ከጀለቢያው አንገት ተነሥቶ ታች ጠርዙ ጋ እስኪደርስ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። እኔ ስንኝ ሳንዛዛባት «ጠርዝ ላይ የቆመ ካውያ ጨርቅ ያቃጥላል» እያለች ታሳጥርብኛለች። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ እንጃ፣ የእሷን መዝሙር ሽማግሌም ቢሆን ነፍሰ ጡር ብትሆን ትንፋሽ ሳያጥራቸው ይዘምሩታል።

አገሯ ከገባች በኋላም ልማዷን አልተወችም። አዲስ መዝሙር ስትሠራ መጀመሪያ ቃሉን አትነግረኝም። አፏን ዘግታ ዜማውን ታሰማኛለች፤ እኔም አፌን ዘግቼ መድገም አለብኝ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም ተማሪዎቹ የሚፈሩት የሒሳብ መምህር፣ ከአንዲት ሴት ፊት ቁጭ ብሎ እምምም ሲል ማየት ነው! አፍ ተዘግቶ ያላማረ ዜማ ይጣላል። «ቃል ጉድለት ይሸፍናል፤ መጀመሪያ ራቁቱን እንየው» ትላለች። ካማራት ቃሉን ታመጣለች፤ ሲያበቃ ደግሞ በዐረብኛ «ኻላስ!»፣ አለቀ ማለቷ ነው፣ ብላ ትነሣለች። ከጅዳ ካመጣቻቸው ነገሮች ሁሉ ያላረጀባት ይህቺ ቃል ሳትሆን አትቀርም።

ከሁሉ የምትወዳት መዝሙር ይህቺ ናት፦

በሩ ቢዘጋ ትገባለህ፣
ስሜ ቢለወጥ ታውቀኛለህ፣
ብቻዬን ስሆን ሁለት ነን፣
አንተ ካለኸኝ ብዙ ነን።

በቃ፣ ይህቺው ናት። መጀመሪያ ሳያት «ቀጣዩስ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ቀጣዩ መልሶ እሱ ነው» አለችኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ልናስተምራት ቆምን። እኔ ስንኟን አንድ በአንድ እላለሁ፤ ሕዝቡ እንዲቀበለኝ እጄን አነሣለሁ። ዝም! አንዷን ሳል ያዛት። አንድ አባት በደንብ እንዲሰማቸው ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ አፋቸውን ግን አልከፈቱም። እናቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እርስ በርስ እየተያዩ ፈገግ ይላሉ። መጨረሻ ላይ ሲያጨበጭቡልን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ ሰዉን ስወቅስ እትዬ ደብሪቱ ግን ራሷን ትወቅስ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሳሳት ያፍራል። የሚሳሳትበት ቦታ ነው መፈለግ።»

የተገኘው ቦታ የሐጂ ሰይድ ወፍጮ ቤት ሆነ። በቅዳሜ ገበያ የሴቱ ሁሉ ወረፋ እዚያ ነው። ወፍጮው ሲንጫጫ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ስለዚህ ማንም አያፍርም። እትዬ ደብሪቱ ጤፏን ይዛ ወረፋ ትይዝና ከፊቷ ያለችውን ሴት ጆሮ ይዛ ስንኟን ታቀብላለች፤ ያቺም ለሚቀጥለው። ተራዋ ሲደርስ ለሌላ ሰው ለቅቃ ተመልሳ መጨረሻ ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን ቀበቶው ተበጥሶ ወፍጮው ድንገት ቀጥ አለ። ቤት ሙሉ ሴት ዱቄት በዱቄት እንደሆነ «ሁለት ነን» ላይ አፉን ከፍቶ ተገኘ። ሁሉም ክው አሉ። ሐጂ ሰይድ ቀበቶውን እንደያዙ ከውስጥ ብቅ አሉ።

«ምነው ዝም አላችሁ? ጨርሷት እንጂ! እኔ መንዙማም ቢሆን መሀል ላይ ሲቋረጥብኝ አልወድም።»

ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ፤ ከዚያም ጨረሷት፤ ያለ ወፍጮ። ያን ቀን እትዬ ደብሪቱ ቤቴ ድረስ እየሮጠች መጥታ «ተሰማ! ድምፃቸው ተሰማ!» ስትለኝ ሰው የሞተ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

በጎን ደግሞ መዝሙሯን በኢሞ ጅዳ ለቀሩት ጓደኞቿ ትልክ ነበር። እኔ ለነገሩ ቦታ አልሰጠሁትም፤ የሴቶች ጨዋታ ነው ብዬ ተውኩት። የነገሩን መጠን ያየሁት አቀስታ ሄደን ነው።

ከአቀስታ ወጣ ብላ ባለች የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የንግሥ በዓል ነበር። እትዬ ደብሪቱ «እዚያ ያሉትን እናቶች ደግሞ እናስተምር» ብላ ይዛኝ ሄደች። የአቀስታን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሚኒባስ ስንወርድ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ከበሮ ባይያዝም ምት ነበረው። እሷ ግን ትምህርቱን ከየት እንደምትጀምር እያሰበች ብርዱም አልታያት። ወደ ቅጥሩ ስንጠጋ ዜማ ሰማን። ቆም አለች። እኔም ቆምኩ። የእሷ መዝሙር ነው! መዘምራን አይደሉም፤ ጋቢ የደረቡ የገጠር እናቶች አጥሩን ተደግፈው፣ ማንም ሳይመራቸው ይዘምራሉ።

በሩ ቢዘጋ ትገባለህ…

ከዚያ ሁለተኛው ስንኝ ጋ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ አፋቸውን ገጠሙ። እምምም፣ እምምም አሉ፤ ዜማው እንዳለ ነው፣ ቃል ግን የለውም። ሦስተኛው ላይ መልሰው አፋቸውን ከፈቱ። ብቻዬን ስሆን ሁለት ነን።

ረስተውት ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛ ሲዞሩም እንደዚያው። ወደ አንዲት እናት ተጠጋሁ፤ እማማ ዝናሽ ይባላሉ።

«እማማ፣ መዝሙሩን ከየት አገኙት?»

«ልጄ ላከችልኝ፤ ከሪያድ፣ በስልክ። ያረብ፣ በጤና ትግባልኝ! ለነዚህም ሁሉ ያስተማርኩ እኔ ነኝ።»

«እዚህች ላይ ለምንድን ነው አፍ የምትዘጉት?»

እንደ ደንቆሮ አዩኝ። «መዝሙሩ እንዲያ ነዋ! አታውቀውም እንዴ?»

ከጉያቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ አወጡና ከፈቱልን። ቀጭን የልጅ ድምፅ ነው፤ ከኋላው ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። የመጀመሪያውን ስንኝ አለች። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ወደ አፍንጫዋ ገባ፤ እምምም። ከዚያ ቀስ ብላ ቀጠለች። እናትየው ይህን አንድ በአንድ አጥንተው፣ ለጎረቤት አስተምረው፣ አገሩን ሁሉ አፍ አዘጉት።

«እማማ፣ ስሕተት ነው፤ እዚያ ላይ ቃል አለው…» ልል ስል እትዬ ደብሪቱ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይመስለኛል።

«እማማ» አለች፣ «ልጅዎ እዚያ ስሟ ማን ነው?»

«ዘሀራ ነው አሉ። እኔ በክርስትና ስሟ ነው የምጸልይላት።»

እትዬ ደብሪቱ ሌላ አልጠየቀችም። ከአጥሩ ዞር ብላ ሄደችና አለቀሰች። እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ልጅቷ በዚያች ቅጽበት አሠሪዋ ገብታባት ይሁን፣ ያቺን ስለ ስም የምትናገር ስንኝ ጮክ ብላ ለማለት ፈርታ ይሁን አላወቅንም፤ ልንጠይቅም አልፈለግንም።

በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ ተጨቃጨቅን። ከመዝሙሩ ሁሉ የምታምረው ያቺ ስንኝ ናት፤ እንዴት ትጠፋለች አልኳት።

«ማን ጠፋች አለህ? እሷ እኮ ነው ያሰበችው፣ አፏን ዘግታ። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚዘመረው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«አብሽር፣ ሰው ይለምዳል። ኻላስ!»

ሰው ለመደ፤ ችግሩ መሪጌታ ኅሩይ ነበሩ። ማንኛውም መዝሙር ደብራችን ውስጥ ከመዘመሩ በፊት እሳቸው ይሰሙታል። ግሩም ሊቅ ናቸው፤ እንዲሁ ሲያዩዋቸው ቁጡ ይመስላሉ፣ ሲቀርቧቸውም ቁጡ ናቸው። አፍ የሚዘጋበት አዘማመር በወፍጮ ቤት በኩል መካነ ሰላም ሲገባ ሰሙና ከለከሉ። የደብራችን ንግሥ ደርሷል፤ እናቶቹ ሁሉ ለዚያ ቀን ተዘጋጅተዋል፤ ከተከለከለ ዳግመኛ አፋቸውን እንደማይከፍቱ እትዬ ደብሪቱ ታውቃለች። መሪጌታ ቤት ድረስ ይዛኝ ሄደች።

መሪጌታ የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ ቁጭ በሉም ሳይሉን ጀመሩ። «እኔ የማውቀው ሦስት ዜማ ነው፤ ግእዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። ያም በአፍ የሚባል። እንደ ንብ ቀፎ እምም ማለት ከየት መጣ? ቃል አልባ መዝሙር ምን ይባላል?»

«ቃል አለው፣ አባ።»

«ምን ይላል?»

«ስሜ ቢለወጥ ታውቀኛለህ ይላል።»

ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ። «ታዲያ ለምን አይሉትም?»

የእማማ ዝናሽን ልጅ ነገር ነገረቻቸው። ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ መሬት መሬት እያየች። ስትጨርስ መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺስ እዚያ ስምሽ ማን ነበር?»

«ከድጃ።»

«ሲጠሩሽ አቤት ትይ ነበር?»

«አቤት ካላልኩ ምን በልቼ እኖራለሁ፣ አባ?»

«እግዜርስ በየትኛው ይጠራሽ ነበር?»

«እሱ አይጠራኝም ነበር» አለች። «ዝም ብሎ አጠገቤ ይቆማል።»

መሪጌታ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አልተሰማም። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ተቆጣት። ስንት ዘመን ስናስተምርበት የኖርነውን ስሕተት እኔ በሽምግልናዬ ልድገመው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቁጣቸው ተመለሰ። «አንተ! እዚያች ስንኝ ላይ ከበሮው ይቁም። ምን ያንኳኳል? ለሴቶቹ ተዉላቸው!»

ስንወጣ እትዬ ደብሪቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን።

የንግሡ ዕለት ከበሮውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ታቦቱ ዑደቱን አድርጎ ሲቆም መዝሙሯን ጀመርን። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ የሚሰማው የኛ ድምፅ ነው። እንዳዘዙኝ እጄን አነሣሁ፤ ከበሮው ቆመ። ያን ጊዜ ከጥዱ ሥር መጣ። ስንት እናት እንደሆነች አላውቅም፤ መሬቱ ራሱ ያዜም ነበር። እምምም። ግማሾቹ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ልጃቸው ቤሩት ያለች፣ ሪያድ ያለች፣ ኩዌት ያለች፣ ከሄደች ድምፅዋ የጠፋ፣ ሁሉም እዚያች ስንኝ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ «ብቻዬን ስሆን ሁለት ነን» ሲሉ ግን አፋቸውን ከፍተው ነው፤ ጮኸው! እጄ አየር ላይ እንደቀረ ምቱን ሳትኩ፤ ማንም ልብ አላለኝም። እትዬ ደብሪቱን ፈለግኋት። ከመዘምራኑ ጋራ አልነበረችም። ጥዱ ሥር ከእናቶቹ መሀል ቆማ፣ በዚያ በሻካራው ድምፅዋ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገታተር ትዘምራለች። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለው ሰው ፊት አላየሁም።

ከዚያ ወዲያ መዝሙሩ ብቻውን እግር አወጣ። በቴሌግራም ዞረ፤ ደጎሎ ደረሰ ሲባል ሰማን። ከዚያ አንድ ከተማ ያለ ዘማሪ በቪዲዮ አውጥቶት አየሁት። የደራሲ ስም ቦታ ላይ የራሱን ስም ጽፏል። ደሜ ፈላ። ስልኬን ይዤ ቤቷ ድረስ ሮጥኩና «ይኸው፣ ተዘረፍሽ!» አልኳት። ካውያዋን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማች። አፍ የሚዘጋበት ቦታ ላይ ሌላ ቃል ሞልቶበታል፤ እያንዳንዷን ስንኝ እየጎተተ፣ እየተጠማዘዘ፣ በቫዮሊን እየታጀበ ይዘልቃል።

«ይህ ልጅ ያመዋል እንዴ?» አለች።

«እትዬ፣ ስምሽን እኮ ነው የበላብሽ!»

«ስሜን ይብላው፤ ለምጄዋለሁ። ትንፋሹን ግን ለምን ወሰደብኝ? ይህን ማን እናት ነው የምትዘምረው?»

ክስ እንመሥርት፣ ቢያንስ እንጻፍለት ብዬ ስንት ቀን ነዘነዝኳት። መልሷ ያው ነው፤ «ተወው፤ የሱ ለማዳመጥ ነው፣ የኔ ለመዘመር ነው።» እኔ ግን አልተውኩትም። ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ «ይህ የእትዬ ደብሪቱ መዝሙር ነው» እላለሁ፤ የከተማ ሰው ሲመጣ ደግሞ ሁለት ጊዜ እላለሁ። ደሴ ከሄደች በኋላማ ጠበቃዋ እኔ ሆንኩ። ስሟ ከመዝሙሩ ጋራ ካልተጠራ መዝሙሩም እሷም የሚጠፉ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ለፈተና ቁጥጥር በዞናችን ወዳለችው ማሻ ተልኬ ነበር። እሑድ ጠዋት አቅራቢያዬ ወዳለች ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ማንንም አላውቅም፤ ከእናቶች ትንሽ ራቅ ብዬ ዛፍ ተደግፌ ቆምኩ። ከቅዳሴ በኋላ መዘምራን የሚባል ነገር አልመጣም፤ ያላቸውም አልመሰለኝም። አንዲት ባልቴት ተነሥተው ጀመሩ። በሩ ቢዘጋ ትገባለህ። ሌሎቹ ተቀበሉ። ሁለተኛዋ ላይ አፋቸውን ዘጉ፤ ሦስተኛዋ ላይ ከፈቱ። ስንኟ እዚያው ልኳ ላይ ናት፤ አንዲት ትንፋሽ አልረዘመችም። ሲያበቁ ወደ ባልቴቷ ሄድኩ።

«እማማ፣ ይህን መዝሙር ማን ደረሰው?»

«ምኑን?»

«መዝሙሩን።»

«የምን መድረስ አመጣህብኝ? የጥንት ነው። እናቴ ገብስ ስታበጥር ትዘምረው ነበር፤ ነፍሷን ይማርና።»

«አፍ የምትዘጉባትስ?»

«እሷማ የየራሳችን ናት። ሰው የሆዱን ሁሉ እዚያ ውስጥ ይለዋል። ይህም ከጥንት ነው።» አዘኑልኝ መሰለኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አገርህ አይዘመርም እንዴ? ቆይ፣ እናስተምርሃለን፤ ቀላል ነው።»

እኔን አስተማሩኝ። ቆሜ ተማርኩ። ከዚያ ከቅጥሩ ወጥቼ ደሴ ደወልኩ። አነሣች፤ ከበስተጀርባ ሕፃን ይነጫነጫል። ያየሁትን፣ የሰማሁትን፣ ባልቴቷ ያሉትን ሁሉ ነገርኳት።

«እትዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«ነገርካቸው እንዴ?» ድምፅዋ ፈርቶ ነበር።

«ምኑን?»

«የኔ መሆኑን!»

«ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር።»

«እና?»

«አላልኩም።»

ረጅም ትንፋሽ ስትተነፍስ ሰማሁ። «እሰይ የኔ ወንድም! እሰይ!» ሕፃኑን እሹሩሩ አለችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ «እናቴ ትዘምረው ነበር ነው ያሉት?» አለችኝ።

«አዎ፤ ገብስ ስታበጥር።»

«እስቲ ድገምልኝ» አለች።

ደገምኩላት።